ሞተሩ ሲያኮርፍ

ከጀልባ ጀርባ የሚንጠለጠለው ሞተር ወደ ዓለም የመጣው በአይስክሬም ሰበብ ነው ይባላል። ኦሌ ኤቪንሩድ የተባለ፣ ኖርዌይ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ መካኒክ በ1906 እ.ኤ.አ. አንድ የሞቀ ቀን ላይ ከወዳጆቹ ጋር ዊስኮንሲን ውስጥ ሐይቅ ዳር ሽርሽር ወጣ። ኋላ ሚስቱ የሆነችው ቤስ አይስክሬም አማራት። ኦሌ ፍቅር ይዞታልና አላቅማማም፤ ጀልባ ውስጥ ዘሎ ገባ፣ እየቀዘፈ ሐይቁን ተሻገረ፣ ገዛ፣ እየቀዘፈ ተመለሰ። ሲደርስ አይስክሬሙ የሚላስ ሳይሆን የሚጠጣ ሆኗል። ሌላ ሰው ቢሆን «በሌላ ቀን እክስሻለሁ» ብሎ ባለፈው ነበር። ኦሌ ግን ቂም ያዘ፤ ቂም የያዘውም በፀሐይዋ ላይ ሳይሆን በመቅዘፊያው ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ተኩል የፈረስ ጉልበት ያለው፣ 28 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሞተር ሠርቶ ገበያ አወጣ። የንግዱን ሥራ የያዘችው ቤስ ደግሞ ባወጣችው ማስታወቂያ ሕዝቡን «ከእንግዲህ መቅዘፍ ይብቃችሁ፣ መቅዘፊያችሁን ወዲያ ጣሉት» የሚል ምክር ለገሰችው።

ሕዝቡም ሰማ። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ምክሯ እንደወረደ እየተፈጸመ ነው። ሜሪላንድ፣ አናፖሊስ ወደብ ላይ የታሰሩትን ትናንሽ ባለ ሸራ ጀልባዎች እየዞረ ለሚያይ ሰው የማይታይ ነገር የለም፤ የሥጋ መጥበሻ፣ የሙዚቃ ማጉያ፣ የበረዶ ሳጥን፣ ዓሣ የት እንዳለ የሚያሳይ ስክሪን፣ ውሻ። ጀልባውን ሊያንቀሳቅስ የሚችል መቅዘፊያ ያለው ግን ተፈልጎ ነው። ሸራውም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ሽፋኑን ለብሶ፣ በገመድ ተጠፍሮ የተኛ ነው። ባለቤቱ «ሴይል ላደርግ ነው» ብሎ ከቤቱ ይወጣል። ሞተር አስነስቶ ይሄዳል፣ ሞተር አስነስቶ ይመለሳል፤ ሰኞ ቢሮ ገብቶ ስለ ነፋሱ ያወራል።

ይህ ነገር የፈረንጅ ብቻ ሆኖ አልቀረም። የዲሲ አካባቢ አበሻ ታክሲ ነድቶ፣ ፓርኪንግ ጠብቆ፣ ቤት ገዝቶ፣ ቤዝመንቱን አሠርቶና አከራይቶ ሲያበቃ «ቀጥሎስ?» የሚል ጥያቄ ይመጣበታል። ለአንዳንዱ መልሱ አገር ቤት ፎቅ መጀመር ነው። ለአንዳንዱ ጎልፍ ነው። አንድ ወዳጄ ጀልባ ገዛ። ገዛ ማለቱ እንኳ ይከብዳል፤ በ1970ዎቹ የተሠሩት የፋይበርግላስ ጀልባዎች አልበሰብስ ብለው ባለቤቶቻቸው ቀድመዋቸው ስላረጁ፣ የማቆሚያ ኪራይ ያንገሸገሸው ሽማግሌ «ብቻ ከፊቴ ውሰድልኝ» በሚል ዋጋ ይሰጣል። የወዳጄ ጀልባ 27 ጫማ ርዝመት፣ 3 ቶን ገደማ ክብደት፣ ከኋላዋም 8 የፈረስ ጉልበት ያለው የቤንዚን ሞተር አላት። ከገዛት ቀን ጀምሮ የክርስትና ስሙ ቀርቶ ካፒቴን ተብሏል። ሚስቱ እንኳ ስትናደድበት «ካፒቴን፣ ቆሻሻውን አውጣ» ነው የምትለው።

ካፒቴን መቅዘፊያ የለውም ብዬ ስሙን አላጠፋም። አለው። አራት ሜትር የሚደርስ፣ እጀታው በሰው እጅ ያረጀ፣ ደህና እንጨት። ከጋራዥ ሴል አግኝቶ በቫርኒሽ ወለወለውና ሳሎኑ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቀለው። እንግዳ ከሥሩ ቆሞ ፎቶ ይነሣል። ጀልባዋ ላይ ያሉት ለጎማ ጀልባ የሚሆኑ ሁለት አጫጭር የፕላስቲክ መቅዘፊያዎች ናቸው፤ እነሱም ከጀልባዋ ጋር ምራቂ ሆነው የመጡ።

ነገሬ ወዲህ ነው። ሰው በሞተር መበላሸት አያፍርም። ውሃ መሃል ቆሞ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ በሌላ እጁ አየሩን እየቀዘፈ፣ «ምን ላድርግ፣ ሞተሩ እኮ ነው» ሲል ደረቱ አልጎደለም። ሞተር የተበላሸበት ሰው ቢያንስ ሞተር አለው። መቅዘፊያ ያነሣ ዕለት ግን ድህነቱ ታወቀበት።

ይህ እፍረት የእኛ ዘንድ ሥሩ ጥልቅ ነው። ጣና ላይ ታንኳ የሚቀዝፈው ማገዶ ወይም እህል ይዞ ባሕር ዳር ገበያ የሚወርደው ሰው ነው፤ ቱሪስቱና ሹሙ በሞተር ጀልባ እያስገመገሙ በአጠገቡ ሲያልፉ ለእሱ የሚደርሰው ማዕበሉ ነው። ደንገል አጭደው፣ አስረው፣ ታንኳ የሚሠሩትን ነገደ ወይጦዎች በእጃቸው ጥበብ እየተጠቀምን ለዘመናት ንቀናቸው ኖረናል። ቶር ሄየርዳል የተባለው ኖርዌያዊ ግን በ1969 እ.ኤ.አ. አትላንቲክን ልሻገርበት ብሎ ‹ራ› የተባለችውን የደንገል ጀልባ ሲያሠራ ደንገሉን ያስመጣው ከዚያው ከጣና ነው። የመጀመሪያዋ ዳር ሳትደርስ ተበተነች፤ በዓመቱ ሁለተኛዋ ‹ራ› ባርቤዶስ ገባች። ሁለቱም ሞተር አልነበራቸውም። እኛ በድሃ ዕቃነት የምናውቀውን ሣር ዓለም ሙዚየም ውስጥ አስገብቶ ትኬት ቆርጦ ያየዋል።

አሜሪካኖቹም ከዚህ ጣጣ ነፃ አይደሉም። ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ ኦይስተር የሚባለውን ቅርፊታም ፍጥረት ከታች እየቧጠጡ የሚያወጡ ‹ስኪፕጃክ› የተባሉ ባለ ሸራ ጀልባዎች አሉ። የሜሪላንድ ሕግ ኦይስተሩ ተሟጥጦ እንዳያልቅ በሚል ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሸራ ብቻ ፈቅዶ በሞተር መቧጠጥን ከልክሎ ኖረ። አጥማጆቹ ሕግ አክባሪዎች ናቸው፤ ሞተር ጀልባቸው ላይ አልገጠሙም። ሞተሩን የገጠሙት ከኋላ በምትከተል ትንሽ ጀልባ ላይ ነው፤ እሷ አፍንጫዋን ከትልቋ ቂጥ ለጥፋ ትገፋለች። ትልቋ ንጹሕ ናት፣ ኃጢአተኛዋ የምትገፋት ናት። ኋላ በ1967 እ.ኤ.አ. ሕጉ ራሱ ተረታና በሳምንት ሁለት ቀን በዚህች ገፊ ጀልባ ታግዞ መሥራት ተፈቀደ። በቀሩት ቀናት ገፊዋ ከውሃ ተነሥታ ከኋላ ትሰቀላለች፣ ነፋስም ይጠበቃል። በ1985 እ.ኤ.አ. ስኪፕጃክ የሜሪላንድ ግዛት መለያ ጀልባ ሆና ተሰየመች። ገፊዋን የጠቀሳት የለም።

ወደ ካፒቴን ልመለስ። ሐምሌ መጨረሻ፣ ፍልሰታ ሳይገባ፣ ቅዳሜ ቀን ጠራን። አገር ቤት ሰማዩ የሚቀደድበት ሐምሌ እዚህ ነፋስ የሚሞትበት ነው፤ ቼሳፒክ በዚህ ወር ላይ እንደ ወጥ ድስት ይተኛል። ስድስት ሰዎች ነበርን። ካፒቴንና ሚስቱ፣ ዱሮ ታክሲ ይነዳ የነበረ ወንድማችን፣ የኮምፒውተር ባለሙያ የሆነ ጎረምሳ፣ እኔ፣ እና ጋሼ። ጋሼ «ባሕር ኃይል ነበርኩ» የሚሉ ሰው ናቸው። ንጉሡ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት፣ ኖርዌያውያን መኮንኖች ያሠለጠኑት፣ ምፅዋ ላይ መልሕቁን የጣለው ያ ባሕር ኃይል። አገሩ ባሕር አልባ ሲሆን እሱም ፈረሰ። ጋሼ ነጭ ኮፍያ አድርገው መጥተዋል።

ዶሮ ወጡ ድስቱ ውስጥ እንዳለ በፎጣ ተጠቅልሎ ከመኪናው ኋላ ነበር፤ ከጎኑ ቀዩ የቤንዚን ታንክ። መንገድ ላይ የካፒቴን ሚስት «አንተ፣ ዶሮው ቤንዚን ቤንዚን ሊሸት ነው» አለችው። ካፒቴን መኪናውን ዳር ይዞ ወረደና የታንኩን ክዳን፣ ክዳኑ ላይ ያለችውንም ትንሽ ብሎን፣ ጥርሱን ነክሶ አጠበቀ። ይህን ያዙልኝ።

ከአናፖሊስ ወደብ ስንወጣ ሞተሩ ልክ ነበር። የአሜሪካን ባሕር ኃይል አካዳሚ ግቢ አለፍን፤ ጋሼ ተነሥተው ሰላምታ ሰጡ። «ሸራውን አንፈታም እንዴ?» አለ ጎረምሳው። «ነፋስ ሲመጣ» አለ ካፒቴን። ትንሽ እንደሄድን ሞተሩ አንድ ጊዜ ሳለ፣ ሁለት ጊዜ ሳለ፣ ዝም አለ።

«ምን ሆነ?» አለች ሚስቱ።

«ምንም አልሆነም፤ ሙቀት ነው።»

ገመዱን ሳበ። ደጋግሞ ሳበ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣበቀ። ትንሽ ካረፈ በኋላ ሲስበው ተነሣ፤ «አላልኳችሁም?» ብሎ ሳይጨርስ ግን ጠፋ። ከዚያ ክዳኑን አንሥቶ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አየው። የተበላሸ ሞተር ክዳን አንሥቶ ማየት ጥገና ሳይሆን ለቅሶ እንደመድረስ ነው፤ ሟቹን አያስነሣም፣ ግን ካላዩት ነውር ነው። ሁላችንም በየተራ ተነሥተን ደረስን።

ምክር ዘነበ። ባለታክሲው «ካንዴላውን ፍታው፣ ረጥቦ ነው» አለ። ካንዴላው ተፈታ፣ ተጠረገ፣ በከንፈር እፍ ተባለ፣ ተመለሰ። ጎረምሳው «አጥፍተህ አብራው» አለ፤ ጠፍቶ ያለን ነገር እንዴት ይጠፋል ብሎ የጠየቀው የለም። ጋሼ «በመጀመሪያ ደረጃ ሁሉም ሰው በየቦታው ይሁን!» አሉ። የማን ቦታ የት እንደሆነ ግን አላሉም። ሚስትየዋ ሰዓቷን አየች። እኔ ወደቡን አየሁ፤ ቅርብ ነው፣ የሚገቡትና የሚወጡት ጀልባዎች ላይ ያሉት ሰዎች የለበሱት ቀለም ይለያል። አንድ የባሕር ማይል ቢሆን ነው፤ 1,852 ሜትር።

በዚህ መሃል አንዲት አረጋዊት ፈረንጅ ብቻዋን በካያክ እየቀዘፈች መጣች። ቀጠን ያለ ክንድ፣ ሰፊ ባርኔጣ። «ሰላም ናችሁ? እርዳታ ትፈልጋላችሁ?» አለች። ካፒቴን ፊቱን አፍክቶ «ኧረ ደህና ነን፣ እየተዝናናን ነው» አላት። አበሻ ከነረሃቡ «በልቼ ነው የመጣሁት» ሲል ያደገበት አፍ ነው። ይባስ ብሎ አሻግሮ በጣቱ ወፍ አሳያት። እሷም ወፉን አመስግና፣ መቅዘፊያዋን ግራ ቀኝ እያጠለቀች፣ ሳትቸኩል ወደ ወደቡ ሄደች። ስትጠፋ ለማየት ብዙ አልቆየንም።

«እኛስ ለምን አንቀዝፍም?» አለች ሚስቱ።

ካፒቴን ግራ ቀኙን አየ። «እዚህ ሁሉ ሰው ፊት?»

እውነቱ የወጣው እዚህ ላይ ነው። ሰው ፊት ሞተር ሲጎትት ላቡ ጉልበቱ ላይ ሲወርድ ያላፈረ ሰው መቅዘፊያ ሲባል አፈረ። ሚስቱ ግን ሁለቱን የፕላስቲክ ዘንጎች ከመቀመጫው ሥር ጎትታ አወጣች፤ አንዱን ለባለታክሲው ሰጠች፣ አንዱን ራሷ ያዘች።

ጎማ ጀልባ ውሃ ላይ የተነጠፈ ነው፤ ቁጭ ብለህ ውሃውን ትደርስበታለህ። የዚህችኛዋ ጎን ግን ከውሃው አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። መቅዘፊያው ውሃው ጋ እንዲደርስ በሆድ ተኝቶ፣ ራስን ከጎኗ ውጪ አንጠልጥሎ፣ ክንድን እስከ ብብት ማውረድ ያስፈልጋል። ሁለቱ ተኙ። ባለታክሲው ጉልበታም ነው፤ በግራ በኩል እየዛቀ ውሃውን ከራሱ በላይ ይበትነዋል። ሚስትየዋ በቀኝ በኩል ቀስ ብላ ትጎትታለች። ጀልባዋ ወደ ቀኝ ዞረች። አሁንም ዞረች። አካዳሚው በፊታችን አለፈ፣ ድልድዩ አለፈ፣ አካዳሚው እንደገና መጣ፤ ጋሼ እንደገና ሰላምታ ሰጡ። መሪውን የያዘ ሰው የለም፤ መሪ መያዝ ያለበት ካፒቴን ሞተሩ ላይ ተደፍቷል። «ግራ አቁም! ቀኝ ቅዘፍ! ወደኋላ!» ይላሉ ጋሼ ቆመው። እጃቸውን ከኪሳቸው አላወጡም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ምፅዋ ላይ እንዴት ነበር የምትቀዝፉት?» አለ ጎረምሳው በቅን ልቦና።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ እንኳ አዲስ አበባ ነበርኩ» አሉ። «ዋናው መምሪያ። ጽሕፈት ክፍል።»

ቀዛፊዎቹ ብዙም ሳይቆዩ መቅዘፊያውን ጥለው በጀርባቸው ተንጋለሉ። «አትንቀሳቀስም፣ ከባድ ናት» አለ ባለታክሲው። ይህቺ ቃል ናት የምታስቀኝ። 3 ቶን ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ልትነሣ እንጂ ልትሄድ አይከብዳትም። ለመነሣት ትለግማለች፤ አንዴ ከተነሣች ግን እጅ ቢያርፍም በራሷ ትንሸራተታለች። ሰው ሁልጊዜ የሚተዋት ልትነሣ ስትል ነው።

ሂሳቡን ላስቀምጠው። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነው። ደህና ሰው ሳይደክም ለረጅም ሰዓት ሊያወጣ የሚችለው 100 ዋት ያህል ነው፤ የፈረሱ አንድ ሰባተኛ። 8 ፈረስ ለምዶ ለኖረ ሰው ይህ ስድብ ይመስላል። ነገር ግን ውሃ ችኩልን ነው የሚቀጣው። ፍጥነትህን በግማሽ ብትቀንስ የሚያስፈልግህ ጉልበት የሚወርደው በግማሽ ሳይሆን ወደ አንድ ስምንተኛ አካባቢ ነው፤ ደግመህ በግማሽ ብትቀንስ ደግሞ ከዚያም አንድ ስምንተኛ። ስለዚህ ሞተሩ በ5 ኖት የሚያስኬዳትን ጀልባ ነፋስ በሌለበት ቀን በ1 ኖት ለማስኬድ ተራ ሰው ይበቃል። 1 ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ነው፤ ከእግረኛ ያነሰ። አናፖሊስ ላይ ደግሞ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት አንድ ጫማ ገደማ ብቻ ስለሆነ ወደኋላ የሚጎትት ኃይለኛ ውሃ የለም። አንድ ሰዓት ቀስ ብሎ መቅዘፍ ቤት ያስገባን ነበር። እኛ ካንዴላ እፍ ስንል የፈጀነው ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። ጉልበት አላጣንም፤ ያጣነው በእግረኛ ፍጥነት ለመታየት ፈቃደኛነት ነው።

አቀዛዘፉም ቢሆን በሆድ መተኛት አይፈልግም። ረጅም መቅዘፊያ ያለው ሰው ከጀልባው ኋላ በተበጀች ቀዳዳ ወይም ጎድጓዳ ውስጥ አሳልፎ፣ ቆሞ፣ ምላሱን ውሃ ውስጥ እንዳለ ግራ ቀኝ ያወዛውዘዋል፤ በእያንዳንዱ መመለሻ አንጓውን ጠምዘዝ ያደርጋል። መቅዘፊያው ከውሃ አይወጣም፣ አይረጭም፣ ድምፅ የለውም። የዓሣ ጅራት የሚሠራው ሥራ ነው። ቻይናዎቹ በዚሁ መንገድ ከባባድ የጭነት ጀልባ ነድተዋል፤ የእነሱ መቅዘፊያ ትንሽ ጎበጥ ያለ ሲሆን እጀታው ከወለሉ ጋር በገመድ ስለሚታሰር ጠምዘዙን ገመዱ ራሱ ያግዛል። ለንደን ውስጥ ደግሞ 30 ቶን ገደማ የሚመዝን የጭነት ጀልባ ጥቂት ሰዎች በረጃጅም መቅዘፊያ እየነዱ በቴምዝ ላይ ከግሪኒች እስከ ዌስትሚኒስተር ይወዳደራሉ። የድሮ የጭነት ጀልባ ሠራተኞች ሥራ ነበር፤ ዘዴው ጡንቻ አይደለም፣ ውሃው ወደ ከተማው የሚሞላበትን ሰዓት ጠብቆ መነሣት ነው።

ሞተር ጨርሶ የሌላቸውም ነበሩ። ጆሹዋ ስሎከም ከ1895 እስከ 1898 እ.ኤ.አ. 11 ሜትር በሆነች ‹ስፕሬይ› በተባለች ጀልባ ብቻውን ዓለምን ሲዞር የረዳው ሸራ ነው። እሱ እንኳ ጊዜው ነው እንበል። ሊንና ላሪ ፓርዴ የተባሉት ባልና ሚስት ግን በ1968 እ.ኤ.አ. ውሃ ላይ ያሳረፏትን ‹ሴራፊን›ን፣ ኋላም ‹ታሌይሲን›ን፣ በገዛ እጃቸው ሠርተው፣ ሞተር ሳይገጥሙ፣ ነፋስ ሲጠፋ በአንድ ረጅም መቅዘፊያ ወደብ እየገቡና እየወጡ ዕድሜያቸውን አሳልፈዋል። ሴራፊን ከካፒቴን ጀልባ በርዝመት ታንሳለች። ይህን ለካፒቴን ብነግረው «እነሱ ሥራ የላቸውም» ነው የሚለኝ። ሥራ ያለው ሰው ቅዳሜውን ባሕር መሃል ቆሞ ያሳልፋል።

ረሃብ መጣ። በዕለቱ ከተሰጡት አስተያየቶች ሁሉ ያለ ክርክር ያለፈው «እንብላ» የሚለው ነው። ድስቱ ተፈታ፣ እንጀራው ተዘረጋ። ዘልለን እንዳንዋኝ ውሃው በሚለበልበው ጄሊፊሽ ተሞልቷል፤ ሐምሌ ላይ ቼሳፒክ እንዲህ ነው። እንቁላሉ ለማን ይድረስ ስንባባል ፀጉሬ ላይ የሆነ ነገር ዳሰሰኝ። ከደቡብ ነፋስ ተነሥቷል። ቀላል ነው፣ ግን ነፋስ ነው፤ አቅጣጫውም ወደ ወደቡ የሚወስድ።

«ነፋስ መጣ!» አለ ጎረምሳው።

ካፒቴን ምሰሶውን ቀና ብሎ አየ፣ ሰማያዊውን ሽፋን አየ፣ ከሽፋኑ ሥር የተዘረጋውን ማዕድ አየ። «አሁን ሸራ ብንፈታ ሸራው የታሰረበት አግዳሚ ተወርውሮ ወጡን ይደፋዋል» አለ። ማንም አልተቃወመም። ዶሮው ስድስት ሰዓት የፈጀ ዶሮ ነው። ነፋሱ ማዕዱ እስኪነሣ አልጠበቀንም፤ እጃችንን ስንታጠብ እሱም ሄዷል።

ምዕራቡ መጥቆር የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ወቅት ከሰዓት በኋላ መብረቅ ያለበት ዝናብ ድንገት ይወርዳል። ካፒቴን ወደ ኮስት ጋርድ ደወለ። «የታመመ ሰው አለ? ጀልባው ውሃ እያስገባ ነው?» ብለው ጠየቁት፤ የለም። እነሱ የሚያድኑት ነፍስ ነው፤ ሞተር የቆመበትንና ዶሮ የበላን ሰው የሚጎትተው የግል ጎታች ነው፣ በሰዓት በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር። ተደወለ።

መጣ። ጢሙ ገና እያቆጠቆጠ ያለ ልጅ ነው፤ በትልቅ ሞተር ውሃውን ሰንጥቆ ከጎናችን ቆመ። ገመድ ከመወርወሩ በፊት ቀዩን ታንክ ዓይኑ ያዘው። ጎኖቹ ወደ ውስጥ ሰርጉደዋል።

«የታንኩን መተንፈሻ ከፍታችሁታል?»

«የምን መተንፈሻ?» አለ ካፒቴን።

ልጁ ተሻግሮ ክዳኑ ላይ ያለችውን ብሎን በሁለት ጣቱ ዞር አደረጋት። ታንኩ ፍስስስ ብሎ ትንፋሹን ሳበ፤ ጎኖቹ ጥዋት ወደነበሩበት ተመለሱ። ቤንዚን ሲወጣ በቦታው አየር ካልገባ ታንኩ መስጠት ያቆማል፤ ለዚያ ነው ሞተሩ ካረፈ በኋላ እየተነሣ መልሶ የሚጠፋው። ልጁ የገመዱን እጀታ አንድ ጊዜ ሳበ። ሞተሩ ተነሣ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ እየዘፈነ።

ካፒቴን ብሎኗን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ያንቺ ዶሮ ነው» አላት።

ልጁ ሂሳቡን በስልኩ ላይ አሳየው፤ የሚቆጠረው ከጣቢያው ከተነሣበት ደቂቃ ጀምሮ ነው፣ ብሎን ማዞሩ ነፃ ነው። ጋሼ ልጁን በሰላምታ ሸኙት።

ካፒቴን በሳምንቱ ሱቅ ሄደ። ይማራል ብዬ የጠበቅኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። የገዛው 9.9 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ገመድ የማይሳብለት፣ በቁልፍ የሚነሣ አዲስ ሞተር ነው። «የበፊቱ አቅም አንሶት ነው» ይላል አሁን፤ በብሎኗ ጉዳይ ላይ አስተያየት አይሰጥም። ሚስቱ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ጀልባ ላይ የምታመጣው ሽሮ ነው።

ያ ረጅም መቅዘፊያ? እሱ እንኳ ከግድግዳው ወርዷል። ካፒቴን 85 ኢንች ቴሌቪዥን ገዝቶ ቦታው ጠበበው፤ መቅዘፊያውን ለቤዝመንቱ ተከራይ ሰጠው፣ ተከራዩም መስኮቱ ላይ አጋድሞ መጋረጃ ሰቅሎበታል።